አንድ ራጅ ለሁለት አፍ

ጥርሱን ለታመመ ሰው መካሪ አይጠፋም። ጉንጬ ባበጠ ማግስት ከሃያ ሁለት ማዞሪያ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቦሌ መንገድ ያለው መሥሪያ ቤቴ እስክደርስ ድረስ፣ ቅርንፉድ ንከስበት ያለኝ፣ ነጭ ሽንኩርት ወትፍበት ያለኝ፣ አረቄ ያዝበት ያለኝ ሰው ቢሰበሰብ አንድ ጤና ጣቢያ ይወጣው ነበር። ሁሉንም ሞከርኩ። አረቄውንማ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ጥርሴን ባይሻለውም እኔን ተሽሎኝ ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ ስብሰባ ላይ ነው። በዚያ በደርግ ጊዜ የኖራችሁ እሑድ ጠዋት የት እንደምንውል ታውቃላችሁ። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ተደርድረን ስለ ምርት ኃይሎች ስንሰማ ነው የምንውለው። እንቅልፍ እንዳይጥለን ቆሎ በኪሳችን ይዘን እንገባለን። ችግሩ ቆሎ ድምፅ አለው። ስለዚህ ቆሎውን አፍ ውስጥ ይዞ መጠበቅ፣ ጭብጨባ ሲመጣ እያጨበጨቡ ቶሎ ቶሎ ማኘክ ነበር ዘዴው። ጭብጨባ እንደሆነ ብዙ አያስጠብቅም። ያን ቀን አንድ ረዘም ያለ ጭብጨባ አገኘሁና ያለ ስስት ስፈጨው፣ ከገብሱ መሀል ገብስ ያልሆነ ነገር ነበረና ላይኛው ጥርሴ ላይ፣ ከቀኝ ክራንቻዬ አጠገብ፣ ቀጭ አለ። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ንግግሩ ልቤን የነካው መስሏቸው ይበልጥ አጨበጨቡ።

ሌላ ሰው ቢሆን አስነቅሎ ይገላገላል። እኔ ግን ያቺን ጥርስ እፈልጋታለሁ። ቀን ቀን ንብረት ክፍል የምሠራ ተራ ሠራተኛ ብሆንም ከሥራ በኋላ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ትራምፔት ነፊ ነኝ። ትራምፔት የሚነፋው በሳንባ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከንፈር ጥርስ ላይ ተደግፎ ነው የሚሠራው። ፊት ለፊት ጥርስ የጎደለው ሰው ቢነፋ የሚወጣው የድስት ክዳን ሲንተከተክ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ያሳሰበኝ ጥበቡ ብቻ አልነበረም። የኪነት አባል ሮንድ አይወጣም። ጎረቤቶቼ በክረምት ዝናብ ዱላ ይዘው ሰፈር ሲጠብቁ፣ እኔ «ለልምምድ ጉሮሮዬን ልጠብቅ» ብዬ ብርድ ልብሴ ውስጥ እገባለሁ። ያቺ ጥርስ ከወደቀች ዱላውን የምይዘው እኔ ነኝ። መስከረም ሁለት ደግሞ እየመጣ ነበር፤ የአብዮት በዓሉን መክፈቻ ሰልፍ የምመራው በትራምፔቴ ነው።

ባለቤቴ ለተብርሃን አስተማሪ ናት። ያደገችው አድዋ በኩል ነው፤ ማባበል የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሦስት ሌሊት ሳቃስት ዝም ብላ ሰማችኝና ጠዋት ጃንጥላዋን አንስታ፣ ወይ ሐኪም ቤት እንሂድ ወይ ጥርሱን በሲባጎ በሩ ላይ አስሬ ልዝጋው፣ ምረጥ አለችኝ። በሩን አየሁት። ከባድ በር ነው። ሐኪም ቤቱን መረጥኩ።

ጥርስ ሐኪሟ ቡልጋሪያዊት ናት። ደልደል ያለች፣ ክንዷ የአናጢ ክንድ የሚያህል፣ ፊቷ ግን የዋህ ነው። ስቬታ ይሏታል። አማርኛ ያስተማረቻት የቤት ሠራተኛዋ ስለሆነች፣ ያወቀችው «አንቺ»ን ብቻ ነው። ወታደርም ይምጣ ቄስም ይምጣ ለእሷ «አንቺ» ነው።

«አንቺ፣ አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ። ከፈትኩ። በብረቷ ኳ ኳ ስታደርገው ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል ጥንድ አድርጌ አየሁት። ከውጭ ጥርስሽ ደህና ናት፣ ከውስጥ ግን አላውቅም፣ ሥሯ ከበሰበሰች እነቅላታለሁ፣ ደህና ከሆነች እተዋታለሁ፣ ሂጂና ራጅ ተነሺ ብላ ላከችኝ።

ራጅ ክፍሉ የጋሽ ካሣሁን ነው። ጋሽ ካሣሁን ከአብዮቱ በፊት ፎቶ ቤት ነበራቸው። ከዚያ እንዴት ራጅ አንሺ እንደሆኑ አላውቅም፤ ሥራው ያው ነው ይላሉ፣ ልዩነቱ የአሁኑ ደንበኛ ሳይዋብ መምጣቱ ነው። የራጅ ጥራት የሚባለውን ነገር እንደ ሃይማኖት ነው የያዙት። ወንበሩ ላይ ከመቀመጤ፣ ራጅ የሚያበላሹ ነገሮች ብዙ ናቸው ብለው ጀመሩልኝ። አስተውዬ ስሰማ፣ ከሚያበላሹት ነገሮች ውስጥ ራጅ አንሺ የሚባል አልነበረበትም።

ቴምብር የምታክል ፊልም ከጥርሴ በስተጀርባ ወሸቁና በአውራ ጣቴ ደግፌ እንድይዝ አደረጉኝ። የፊልሟ ጠርዝ ላንቃዬን ሲነካው ሊያስመልሰኝ ቃጣኝ። ትልቁ ጠላት መንቀሳቀስ ነው፣ እንደ ሐውልት ቀጥ በል አሉኝና ከግድግዳው ጀርባ ገቡ። እኔም ሐውልት ሆንኩ። ልክ ቁልፉን ሲጫኑት ግን የድሮ ልማዳቸው መጣባቸውና ከግድግዳው ጀርባ «ፈገግ በል» አሉኝ።

ፈገግ አልኩ። ምን ላድርግ፤ ሰው ያዘዘኝን እንቢ ማለት አልችልም።

ፊልሙ ከጨለማ ክፍል ታጥቦ ሲወጣ የእንጦጦን ጉም ይመስል ነበር። ጋሽ ካሣሁን በሽተኛው ተንቀሳቅሷል ብለው አዘኑብኝ። በሁለተኛው አልተነቃነቅሁም። እኔ ግን ረዥም ነኝ፣ ወንበሩ ዝቅ አይልም፣ የማሽኑ አፍ ደግሞ ከዚያ በላይ አልወጣ አላቸው፤ ስለዚህ ከታች ወደ ላይ አንጋጠው አነሱኝ። የወጣው ጥርስ ርዝመቱ ከፊልሙ አልፎ ሄዷል፤ ሥሩ ጭራሽ አልገባም። ለተብርሃን መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችውና፣ አሥር ዓመት ሙሉ ከማን ጋር እንደኖርኩ ዛሬ ገባኝ አለች። ጋሽ ካሣሁን አረጋጓት። ጨረሩ ሲያዘነብል ነው፣ አመሻሽ ላይ ጥላሽ እንደሚረዝመው ማለት ነው፣ ባልሽ ጤነኛ ሰው ነው አሏት።

ሦስተኛው ወተት መስሎ ወጣ። ምንም የለበትም። ክረምቱ ነው አሉ፤ ማጠቢያው መድኃኒት በርዶታል፣ የበረደ መድኃኒት ምስል አያወጣም። ከጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውኃ ተውሰው የመድኃኒቱን ሳህን ማሞቅ ያዙ። አራተኛው ጥሩ ሆኖ ሊወጣ ነበር። ምስሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ብቅ ማለት እንደጀመረ ግን ሴትየዋ ማንቆርቆሪያዋን ፈልጋ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ብርሃን ገባ፤ ፊልሙ ከሰል ሆነ። ሴትየዋ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ፣ ውኃውን ከጨረሳችሁበት ልውሰደው ብላ ማንቆርቆሪያዋን አንጠልጥላ ሄደች።

በዚያ ዘመን ፊልም እንደ ስኳር በራሽን ነበር። ለዕለቱ የቀረችው አንዲት ፊልም ናት። ጋሽ ካሣሁን ሁለት ጊዜ አማተቡና አፌ ውስጥ አስገቧት። ትንፋሼን ያዝኩ። ትራምፔት ነፊ ስለሆንኩ ትንፋሽ መያዝ እችልበታለሁ፤ ቁልፉ ተጭኖ ካለቀ በኋላ እንኳ ዝም ብዬ ስቆይ ሞቼ እንደሆነ መጥተው ነካ ነካ አደረጉኝ። ከዚያ ጨብጠውኝ ፊልሟን ማሽኑ አጠገብ ካለው ሳህን ላይ አስቀመጧትና፣ መድኃኒቱ ሙቀቱን እንዳልለቀቀ ለማየት ገቡ።

ይኼኔ ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ከአንድ መሣሪያ ከያዘ አብዮት ጥበቃ ጋር መጡ። ተራ የሚባል ነገር ለእሳቸው አልተፈጠረም። የጤና አገልግሎቱን ሁኔታ ለመጎብኘት ነው የመጣሁት አሉ። ግራ ጉንጫቸው ግን ለጉብኝት የመጣ አይመስልም፤ ብርቱካን የጎረሱ ነበር የሚመስሉት። ዶክተሯ ብቅ ብላ አየቻቸውና፣ አንቺም ራጅ ተነሺ ብላ ተመለሰች። አብዮት ጥበቃው «አንቺ» የተባለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ዞር አለ።

ጋሽ ካሣሁን ከጨለማ ክፍል ሲወጡ ሊቀመንበሩን ወንበሩ ላይ አገኟቸው። ያነሱበትና ያላነሱበት ፊልም ተምታታባቸው። ሳህኑ ላይ ያለችውን ፊልም አነሱ፣ በካፖርታቸው ጠርዝ ጠረግ ጠረግ አደረጉ፣ ሊቀመንበሩ አፍ ውስጥ አስገቡ፣ ተጫኑ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ ስለነበር ይህን በዓይኔ አላየሁም፤ በኋላ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ትንሽ ቆይተው አንድ ፊልም ብቻ ይዘው ሲወጡና ፊታቸው አመድ መስሎ ሳየው ግን ሁለታችንንም በአንድ ፊልም እንዳነሱን ገባኝ።

ዶክተሯ ፊልሙን መብራት ላይ ለጠፈችው። አንድ አፍ ውስጥ ሊገባ የማይችል የጥርስ ብዛት ነበር፤ ጥርስ በጥርስ ላይ ተደርቦ፣ የገበያ ግርግር ይመስላል። ከዚያ ሁሉ መሀል ግን አንደኛው ጥርስ ሥር ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ክብ ነጥብ ጎልታ ትታያለች። ዶክተሯ ሁለታችንንም ጠራች። ሊቀመንበሩ፣ እኔ፣ ለተብርሃንና ጋሽ ካሣሁን መብራቱን ከበን ቆምን። ይህቺ ጥቁር ነገር መግል ናት፣ ጥርሷ አሁኑኑ ትወጣለች አለች። ቀጥላም ጉጠቷን ከሳህኑ አንስታ የማን እንደሆነች ጠየቀች።

የእርሳቸው ትመስለኛለች ለማለት አፌን ስከፍት አብዮት ጥበቃው በር ላይ መቆሙ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ሊቀመንበሩ ግን አላመነቱም። እኔ ለጉብኝት ነው የመጣሁት፣ ጥርሴ ደህና ነው፣ የበሰበሰው የዚህ ጓድ ነው አሉ። እኔም በተቻለኝ ትሕትና፣ ጥርሴ ከተነቀለ የመስከረም ሁለት ሰልፍ ያለ ትራምፔት እንደሚቀር አስረዳሁ። ከጎረቤት ቀበሌ ነፊ እንዋሳለን አሉኝ። ቀጥለውም እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ አንድ ጓድ ለጋራው ጥቅም አንድ ጥርስ ቢሰጥ ብዙ አይደለም አሉኝ። የጋራው ጥቅም የማን ጥርስ እንደሆነ ስለገባኝ ዶክተሯን አየኋት። ዶክተሯ ወንበሩን በእጇ መታ መታ አደረገችልኝ።

እግሬ ወደ ወንበሩ መሄድ ጀመረ። እንዲህ ነኝ፤ ከተጠራሁ እሄዳለሁ።

ያቆመችኝ ለተብርሃን ናት። ፊልሙን እያየች ቆይታ ነበርና፣ ጥቁሯ ነጥብ ያለችበት ጥርስ አናቱ ላይ የደረበው ነጭ ቆብ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ማንንም ለመንካት አልነበረም፤ አስተማሪ ስለሆነች ያልገባትን ትጠይቃለች። ጋሽ ካሣሁን ደግሞ ስለ ራጅ ጥራት ከተጠየቁ ማን ፊት እንደቆሙ ይረሳሉ። ብረት ነው አሉ። ጨረር በብረት አያልፍም፤ ስለዚህ ብረት ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ከኋላው ያለውንም ይጋርዳል። እንዲህ ቦግ ብሎ የነጣ እንደሆነ ደግሞ ወርቅ መሆን አለበት። የጆሮ ጌጥ አውልቁ እያልኩ የምለፈልፈው ለዚህ እኮ ነው ብለው ጨረሱ።

ዓይን ሁሉ መጀመሪያ ወደ እኔ አፍ ዞረ።

እኔ አፌን የቻልኩትን ያህል በረገድኩት። እንኳን ወርቅ፣ ብር እንኳ በውስጡ አልፎ አያውቅም። ሁላችንም ቀስ ብለን ወደ ሊቀመንበሩ ዞርን። ከንፈራቸው እንደ ፖስታ ተጣብቋል። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የበራልኝ፦ ጓድ ታደሰን ስንት ዓመት ሳውቃቸው ጥርሳቸውን አይቼው አላውቅም። ሲናገሩ የላይ ከንፈራቸው አይነሳም፤ ስቀው አያውቁም። እኛ ቆራጥነት ነው የሚመስለን። ባለፈው እሑድ ደግሞ፣ ያን ቆሎ በበላሁበት ስብሰባ ላይ፣ ወርቅ የበዝባዥ መደብ ጌጥ መሆኑን ለሁለት ሰዓት ያስተማሩን እሳቸው ነበሩ።

ሊቀመንበሩ ከዶክተሯና ከእኔ በቀር ሁሉም እንዲወጣ አዘዙ። ለተብርሃን ስትወጣ ምን ተናግሬ ነው በሚል ዓይን አየችኝ። በሩ ተዘጋ። ሊቀመንበሩ ጠጋ አሉኝ።

«ያየኸውን አላየህም» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ምን አይቼ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኳቸው። «ራጁ እንደሆነ ጥራት የለውም።»

አተኩረው አዩኝ።  ከዚያ ትከሻቸው ወረድ አለ፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ሳልጠይቃቸው ይነግሩኝ ጀመር። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ድሬዳዋ አንዲት ልጅ ወደው፣ ልጅቱ ጥርስህ አያምርም ብላ ሳቀችባቸው። የወር ደመወዛቸውን ይዘው ሄደው ጥርሱን ወርቅ አስለበሱት። ሲመለሱ ልጅቱ አግብታለች። ወርቁ ግን አፋቸው ውስጥ ቀረ። አብዮቱ ሲመጣ ላስወልቀው ብለው ነበር፤ ጥርስ መነቀል ይፈሩ ስለነበር ከንፈራቸውን መዝጋት ቀለላቸው።

«ያማል?» አሉኝ በመጨረሻ።

እንግዲህ ስማቸውን ስሰማ ከአዳራሽ ሙሉ ሰው ጋር የምነሳላቸው ሰው ናቸው እንዲህ የጠየቁኝ። አላውቅም፣ እኔም እፈራለሁ አልኳቸው። እጄን ያዙ። ዶክተሯ የምናወራውን አልሰማችም፤ መርፌዋን እያዘጋጀች ነበር። መጥታ አገጫቸውን ቀና አደረገችና «አንቺ፣ አትፍሪ» አለቻቸው። «ሴት ልጅ ጎበዝ ናት።»

ማደንዘዣውም በራሽን ነበር መሰለኝ፣ ጉጠቱ ሲይዝ የጮኹት ጩኸት ኮሪደሩን አናወጠው። አብዮት ጥበቃው በሩን በርግዶ ገባ። ያየው ነገር ሊቀመንበሩ ተንጋለው፣ አንዲት ፈረንጅ ጉልበቷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ስትጎትታቸው፣ እኔ ደግሞ እጃቸውን ጥርቅም አድርጌ ይዤ ነው። ጠብመንጃውን አነሳ። የማነጣጥረው በየትኛቸው ላይ ይሆን በሚል ዓይኑ ተንከራተተ። ዶክተሯ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። «አንቺ፣ ውጪ። በር ዝጊ» አለችው። ወጣ። በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ጥርሷ ከነወርቋ ወጣች። ሊቀመንበሩ በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቷትና ጥጥ ነክሰው፣ ጉንጫቸውን ይዘው ሄዱ። የእኔ ተራ ሲደርስ ዶክተሯ ራጅ የሚባለውን ነገር ተስፋ ቆርጣ ነበርና፣ ቀጭን መንጠቆ አምጥታ ድዴን ስትቆረቁር ቆይታ አንዲት የጠጠር ስባሪ አወጣች። መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጥርሷ ምንም አልሆነችም። ጋሽ ካሣሁን ገብተው ጠጠሯን ባዩ ጊዜ በጣም ነው ያዘኑት። ጥራት ያለው ራጅ ቢሆን እኮ ትታይ ነበር አሉ፣ ጥፋቱ የክረምቱ መሆኑን በሚያስረዳ ድምፅ።

መስከረም ሁለት ቀኑ ጠራ። ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ከከፍተኛው፣ ከቀበሌያችን በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ የመጡ እንግዶች ከፊት ተቀመጡ፣ እኛ ኪነቶች ከመድረኩ ጎን ቆምን። ጓድ ታደሰ ለንግግር ተነሡ። ከዚያን ቀን በኋላ ገጽ ለገጽ ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። ወረቀታቸውን ዘረጉና «ሰፊው ሕዝብ» ብለው ጀመሩ።

በተነቀለችው ጥርስ ክፍተት በኩል ፉጨት ወጣ። ጥርት ያለ፣ ቀጭን፣ ረዥም ፉጨት።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከበሮ መቺያችን ምልክት የተሰጠው መስሎት ከበሮውን አንድ ጊዜ ደም አደረገው። ሊቀመንበሩ ቆም አሉና እንደገና ጀመሩ። በዚያ ዘመን ንግግር ውስጥ ግን ከ«ሰ» ማምለጥ አይቻልም፤ ሰፊውን ቢያልፉት ሠርቶ አደር ይጠብቃቸዋል፣ እሱን ቢያልፉት ኅብረተሰባዊነት። በያንዳንዱ «ሰ» ፉጨቱ ይወጣል፣ በያንዳንዱ ፉጨት ከበሮው ደም ይላል። ኅብረተሰባዊነት ላይ ሲደርሱ ፉጨቱ ከሁሉም ረዝሞ ወጣና ከሜዳው ዳር የነበረ የሰው ውሻ ተነስቶ ጆሮውን አቁሞ ሮጦ መጣ፤ መድረኩ ሥር ሄዶ ጭራውን እየቆላ ተቀመጠላቸው።

ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ከንፈሩን ነክሷል። የሳቀ ሰው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። እንግዶቹ ጫማቸውን ያያሉ፣ ለተብርሃን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማይ ሰማይ ታያለች፣ አብዮት ጥበቃው ጠብመንጃውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ትከሻው ይርገፈገፋል። ጓድ ታደሰ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። ውሻውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። የላይ ከንፈራቸው እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ ተነሳና፣ በዚያ ሁሉ ዓመት አይተነው የማናውቀው አፋቸው እስከ ክፍተቱ ድረስ ተከፍቶ ሳቁ። ድምፃቸው ከሆድ የሚወጣ፣ የሾፌር ሳቅ ነበር፤ መሀሉ ላይ እየተፏጨ።

ሕዝቡ መጀመሪያ ፈቃድ መሆኑን አላመነም። ቀድሞ የፈነዳው አብዮት ጥበቃው ነው። ከዚያ ሜዳው ተናጋ። እኔም ሳልዘገይ ትራምፔቴን አፌ ላይ ደቀንኩት። አልነፋሁም፤ ከእንግዶቹ ፊት ስስቅ ጥርሴን የምሸፍንበት ሌላ ነገር አጥቼ ነው።